ጆሮዋ የተቆረጠ የወረቀት ላም

ወይዘሮ ውባንቺ የወረቀቷን ላም ከግድግዳው ላይ ሲነቅሏት ፕላስተሩ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ተላጠ።

"ይቺን ማን ነው የሰቀላት?"

"እኔ ነኝ" አለች ሩሃማ፣ ወንበር ላይ ቆማ የቀሩትን ላሞች እየለጠፈች። "በረከት ናት የሠራቻት።"

ጂንካ ባለችው በወይዘሮ ውባንቺ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ቀን ነበር፤ ወላጆቹ መምጣት ሊጀምሩ ነው። የላሞቹ ሐሳብ የአስተማሪዋ የሩሃማ ነው። ከስልኳ ያገኘችውን ሥዕል፣ መብራት ሳይጠፋ ፎቶኮፒ ቤት ሮጣ አሳተመችው። ልጆቹ ቀለም ቀቡት፣ ቆረጡት፣ የፓስታ ካርቶን ላይ አጣበቁት። ላሟ አንገቷ ላይ ቃጭል አላት፤ ደግሞ ትስቃለች። ሩሃማ የምትስቅ ላም አይታ አታውቅም፤ በነፃ የተገኘች ስለሆነች ግን አልተጣላቻትም።

ከሁሉም የበረከት ላም ብቻ ግራ ጆሮዋ ሁለት ቦታ ላይ በመቀስ ተቆርጦ ጎድሏል።

"መቀስ መያዝ ያልቻለች ልጅ ኬጂ ሁለት ምን ትሠራለች? ሰኞ ወደ ኬጂ አንድ ትመለስ" አሉ ወይዘሮ ውባንቺ። "ለዛሬው አንቺ ቆንጆ አድርገሽ ሥሪና ስሟን ጻፊበት።"

"እኔ በልጅነቴ ኬጂ አልገባሁም፣ ወይዘሮ ውባንቺ። በስተርጅና አልጀምርም።"

ሩሃማ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ፣ እንግሊዝኛውንም ኮምፒውተሩንም ልጅ ማስተማሩንም በየማታው ስልኳ ላይ አፍጥጣ ለብቻዋ የተማረች ናት። የሥራ ውሏ በዚህ ወር ያልቃል፤ የሚያድሱላት ደግሞ ወይዘሮ ውባንቺ ናቸው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ወይዘሮ ውባንቺ ራሳቸው ከልጆቹ አጫጭር ወንበሮች አንዱ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ እስኪደርስ ተቀምጠው፣ አንድ የተረፈ የላም ሥዕል ከመስመር ሳይወጡ ቀለም ቀቡ፣ ቆረጡ፣ አጣበቁ። "በረከት ኦይታ" ብለው ጻፉበትና ሰቀሉት። የልጅቷን ላም ቁርጥራጭ ወረቀት የሞላበት ካርቶን ውስጥ ጣሏት።

በረከት በረንዳው ላይ ነበረች። የበና ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ቀይ አፈር ከተማ አጠገብ ከብት ያረባሉ፣ እሷ ጂንካ አክስቷ ጋ ሆና ትማራለች። ሩሃማ ቁጢጥ ብላ የላሟን ጆሮ ለምን እንደቆረጠች ጠየቀቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ጫማዋን አየች። ከዚያ ቀና አለችና፣ ትልቅ ሰው ይህን እንዴት አያውቅም በሚል ዓይን እያየቻት አስረዳቻት። የአባቷ ከብቶች በሙሉ ጆሯቸው እንደዚያ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ላሞች ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። ቢቀላቀሉ የትኛዋ የማን እንደሆነች በምን ይታወቃል?

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ፣ ሚስ።"

ሩሃማ ፊቷ ጋለ። እሷም ልጅቷ መቀሱ አምልጧት መስሏት፣ በሆዷ ስታዝንላት ነበር የሰነበተችው።

ወላጆች ገቡ። እናቶች በልጆቻቸው ላሞች ሥር እየቆሙ ፎቶ ተነሡ። የበረከት አባት አቶ ኦይታ ከቀይ አፈር የመጡበት አቧራ ኮታቸው ላይ እንዳለ፣ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ተመለከቱ። ወይዘሮ ውባንቺ ፈጠን ብለው ራሳቸው የሠሯትን ላም አንሥተው አቀረቡላቸው።

አቶ ኦይታ እጃቸውን አልዘረጉም። "ይሄ የእኛ አይደለም።"

"ስሟ እኮ ተጽፎበታል።"

"ስሙን አነበብኩት። ጆሮው ግን የእኛ አይደለም። የሰው ከብት ይዤ ቤት ብገባ ሽማግሌ ፊት ነው የምቆመው።"

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ እጃቸው ግን አሁንም አልተዘረጋም።

"እሳቸው ናቸው የሠሩት" አለች በረከት፣ ወደ ወይዘሮ ውባንቺ በጣቷ እየጠቆመች።

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ ውባንቺ ወደ ሩሃማ ዞረው፣ ልጅቷ መቀስ ገና እየለመደች ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ ኬጂ አንድ እንደምትገባ ለአባቷ እንድትነግርላቸው አዘዙ። አስተያየታቸው የሥራ ውሏንም እንድታስታውስ የሚያዝ ነበር።

ሩሃማ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ አለች። ላሟን አወጣች፣ የታጠፈ እግሯን አቃናች፣ ለአቶ ኦይታ ሰጠቻቸው።

"ልጅዎ መቀስ በደንብ ትይዛለች። ጆሮዋን ሆን ብላ ነው የቆረጠችው፤ እኔም ዛሬ ነው የገባኝ። ከኬጂ ሁለት የትም አትሄድም።"

"እሱን የምወስነው እኔ ነኝ" አሉ ወይዘሮ ውባንቺ በዝቅተኛ ድምፅ።

"ይወስኑ እንጂ። አባቷ እዚሁ ቆመዋል፣ ይንገሯቸው።"

ወይዘሮ ውባንቺ አቶ ኦይታን አዩ፣ ዙሪያቸውን የቆሙትን ወላጆች አዩ። በእጃቸው ያለችውን ላም ወደ ጀርባቸው አዞሩ። አቶ ኦይታ ላሟን ጆሮዋ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቀው ብብታቸው ሥር ያዟት።

አንዲት ልጅ የሩሃማን ቀሚስ ሳበች። የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ልጅ ናት፤ በቤታቸው ከድመት በቀር ከብት የለም።

"ሚስ፣ የእኛስ ምልክት ምንድን ነው?"

ወላጆች ባሉበት መቀስ እንዳይወጣ ተብሎ ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ሩሃማ ቁልፉን ከኪሷ አወጣች፣ ከፈተችው፣ መቀሶቹን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

"ከእናትሽ ጋ ተማከሩና ቁረጡ" አለቻት።