አጥር ማዶ የወደቀው ኮርማ

ባሌ ክላይድ ዛፍ እመስላለሁ ብሎ ዝንጉርጉር ሱሪ፣ ዝንጉርጉር ኮት፣ ካልሲ ሳይቀር ዝንጉርጉር ገዛ። ሕጉ ደግሞ አዳኝ ሁሉ ከላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ይደርብ ስለሚል፣ መጨረሻ ላይ የመሰለው የመንገድ ሠራተኛ ነው። ይህን ብነግረው ተቀየመኝ።

"አንቺ ስለ አደን ምን ታውቂያለሽ?" አለኝ። እሱ ራሱ እስከዚያ ቀን የገደለው ትልቁ አውሬ ጋራዣችን ውስጥ የገባ አይጥ ነው።

በእኛ ወረዳ ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን የሚታደነው በዕጣ ነው። ክላይድ የእኔንም ስም አስገባ፤ ለእኔ አስቦ እንዳይመስላችሁ፣ ዕድሉን እጥፍ ለማድረግ ነው። ዕጣው ለማን ወጣ? ለእኔ። መተኮስ የሚችለውም ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ብቻ ነው። ክላይድ ለአንድ ሳምንት አኮረፈ፤ ከዚያ "አማካሪሽ ሆኜ እመጣለሁ" አለ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ያ ሥጋ በጣም ያስፈልገን ነበር። ክላይድ የሚሠራበት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ተዘግቷል። ፍሪዘራችን ውስጥ ከበረዶና ካለፈው ዓመት ከተረፈ አተር በቀር ምንም የለም። አንድ ኤልክ ፈረስ ያህላል፤ እኛንና ልጆቹን የበረዶውን ወራት ያሻግረናል። ስለዚህ እኔ ባዶ ጣሳ ደርድሬ ተኩስ ተለማመድኩ። አማካሪዬ ደግሞ ጥሩምባ ተለማመደ፤ የሴት ኤልክ ድምፅ አውጥቶ ወንዱን፣ ኮርማውን፣ ይጠራል ተብሎ የሚሸጥ ጥሩምባ ነው። የጎረቤታችን ውሻ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎም አያየንም።

የምናድንበት የመንግሥት መሬት የሚያልቀው አጠገቡ እርሻ ያላቸው የወይዘሮ ሁልዳ የሽቦ አጥር ላይ ነው። ይህን ድንበር ኤልኮቹ ከቀያሽ በላይ ያውቁታል። አደን በተከፈተ ቀን አጥሩን ዘለው ይገቡና የሴትዮዋን የከብት መኖ፣ አልፋልፋውን፣ እያመነዠኩ እኛን ሲመለከቱ ይውላሉ። በዚህ ነገር የበገነው ክላይድ በጸደይ የከተማው ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ይቺ ስግብግብ አሮጊት የሕዝብን አውሬ አጥራ ይዛ!" ብሎ ነበር። ወይዘሮ ሁልዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

አጥሩ ሥር ስንጋደም ሰነበትን። አንድ ማለዳ አንድ ኮርማ አጥሩን ዘልሎ ወደ እኛ ገባ።

"ጠመንጃውን አምጪው!" አለ ክላይድ በሹክሹክታ።

"ፈቃዱ ላይ ያለው ስም የማን ነው?"

"ማርላ፣ አሁን የስም ጊዜ ነው? ብትስቺው ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?"

"እንግዲያው ዝም በላ! ጥሩምባህን ንፋ!"

አፌን በቆረጠው። ነፋው። ኮርማው እንዲህ ያለ ሴት በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ደንግጦ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ተኮስኩ፤ መታሁት። እሱም በመጨረሻ ጉልበቱ አጥሩን ዘለለና የወይዘሮ ሁልዳ አልፋልፋ ላይ ወደቀ። እጄን በሽቦው ባሾልክ ቀንዱን እነካው ነበር። ባለመሬቱ ሳይፈቅድ ግን አንድ እግር ማስገባት ክልክል ነው። ፀሐይዋም መሞቅ ጀምራለች፤ ሥጋ ደግሞ አይጠብቅም።

"ማን ያየናል? ጎትተን እናውጣው" አለ ክላይድ።

"ፈረስ የሚያህለውን? በምንህ? በጥሩምባህ?"

"እሺ አንቺ ሂጂና ለምኛት። ሴት ለሴት ትግባባላችሁ።"

"የሰደብኳቸው እኔ ነኝ?"

ሰደርያውን አወለቀ፤ መልሶ ለበሰው። ከዚያ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ወይዘሮ ሁልዳ በሩን ከፈቱ። ክላይድ ባርኔጣውን አውልቆ የሆነውን ሁሉ ተንተባተበላቸው።

"አወቅሁህ" አሉት። "ስብሰባው ላይ ምን ነበር ያልከኝ?"

"እ... ረሳሁት መሰለኝ።"

"እኔ አልረሳሁትም። በል።"

"ስግብግብ..."

"ጮክ በል ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል።"

"ስግብግብ አሮጊት!"

"ጎሽ። ለመሆኑ የተኮሰው ማን ነው?"

ክላይድ አፉን ከፈተ። በትዳራችን ዘመን ይህ አፍ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አውቃለሁና መሬት መሬት አየሁ።

"እሷ ናት" አለ። "እኔማ ላበላሽባት ነበር።"

እውነቱን ልናገር፣ ሰደርያውንም ጥሩምባውንም ረሳሁና እንደ አዲስ ወደድኩት።

ወይዘሮ ሁልዳ ትራክተራቸውን አስነሱ። ኮርማውን በትራክተሩ አካፋ አንስተው፣ በበራቸው አሳልፈው፣ ፒካፓችን ላይ ጫኑልን። ከሥጋው ላካፍላቸው ብል እምቢ አሉ።

"አርባ ዓመት ኤልኮቹን በመስኮቴ ሳያቸው ኖርኩ" አሉኝ። "ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን ጠመንጃውን አስነክቶኝ አያውቅም። ዕጣ ሲወጣልሽ በዚህ በር ግቢ። ከእኔ መሬት ላይ ሆነሽ ተኩሺ።"

"እኔስ?" አለ ክላይድ።

"አንተ የሕዝቡ መሬት ላይ ጠብቃት። ያንተው አይደል?"

ዘንድሮም ዕጣው የወጣው ለእኔ ነው። ሥራ ያገኘው ክላይድ ከወይዘሮ ሁልዳ በር ውጭ ለመጠበቂያ የሚሆን ተጣጣፊ ወንበር ገዝቷል። ዝንጉርጉር ነው።