የጋኑ ከንፈርና አርባ ስድስቱ ሰከንድ

«ማፍሰሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አባታችን ሆይ ብዬ አሜን እስክል።»

ይህን የሰማሁት ማቅለጫ ቤቱ በተቀጠርኩ ሰሞን ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከሳንቃው ግድግዳ ወዲህ ቁጭ ብዬ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍግ ነበር። ወዲያ ማዶ የሚያወሩት የያኔው ዋና አቅላጭና እሱ ሥራ የሚያስተምረው ሰው ነበሩ። አዛውንቱ ከአሜኑ በኋላ አንድ ነገር ጨመረና ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለ ግን የምድጃው ማራገቢያ ዋጠው። እኔም የተሳቀበትን ትቼ የተጸለየበትን ይዤ ቀረሁ።

አዛውንቱ አርፏል፤ ነፍሱን ይማር። ተማሪው ዛሬ ራሱ ዋና አቅላጭ ነው። ስም አለው፤ እኛ ግን ጋሽ ቀስበል ነው የምንለው። ሲበላ ቀስ፣ ሲራመድ ቀስ፣ በር ሲከፍት እንኳ ከማጠፊያው ጋር የሚማከር ይመስላል። የሚቸኩል ሰው ካየ «ቀስ በል፣ ብረቱ የትም አይሄድብህም» ይላል።

የእኔ ሥራ የእንጨት ሞዴል ነው። በብረት የሚወጣው ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ በእንጨት በእኔ እጅ ይሠራል፤ ከዚያ በአሸዋ ወይም በሸክላ ፎርማ ይወጣለታል፤ ከዚያ የቀለጠው ይፈስበታል። ሲፈስ ግን እኔ የለሁም። ከአቅላጩ በቀር ሁላችንም ከሳንቃው ወዲህ እንወጣለን፤ ደንቡ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ያገኘሁት ዝም ብዬ በመስማት ነው፤ እንደሚታየው ግን ፈተናውን ሁልጊዜ አላለፍኩም።

ዘንድሮ ከሙዚየም አንድ የጥንት ቅርስ ተመራማሪ መጣ። ዶክተር እንለዋለን። ጠረጴዛዬ ላይ ፎቶዎች ዘረጋ። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የነሐስ ጋን ነው፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ ገላው ስስ፣ ከንፈሩ ብቻ ወፈር ያለ። ከከንፈሩ አራት ጣት ዝቅ ብሎ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ዙሪያውን ይዞረዋል።

«ይህ መገጣጠሚያ ነው» አለ ዶክተር። «ነሐሱ አልበቃ ብሏቸው ከንፈሩን በሌላ ጊዜ ቀጥለውበታል። ለማረጋገጥ መስመሩ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ወስጄ ውስጧን በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ፈቃዱ ወጥቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እንቆርጣለን።»

ጋሽ ቀስበል ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ቆየ። እሱ ሲቆይ ደግሞ ሌላ ሥራ ጀምረህ ትጨርሳለህ።

«ይሄ ሰው አንዴ ነው ያፈሰሰው» አለ ሲመለስ።

«በምን አወቁ?»

«እጁ ይታየኛል።»

«ጋሼ፣ እጁ አፈር ከሆነ እኮ ሁለት ሺህ ዓመት አለፈው።»

«ሥራው ቆሟል አይደል? አንተ ልጅ፣ ይሄን መቁረጥ ሰው ፊት ላይ መጋዝ ማሳረፍ ነው። የተቆረጠ አይበቅልም።»

ዶክተር ክፉ ሰው አይደለም። መቁረጡ ለእሱም ከብዶታል። «ሳልቆርጥ የማውቅበት መንገድ ካለ አሳዩኝ» አለ። ያኔ ነው የእህቴን ልጅ ያነሳሁት።

የእህቴ ልጅ መሐንዲስ ናት። ሥራዋ ብረት በእሳት ከመፍሰሱ በፊት በኮምፒውተር ማፍሰስ ነው። አምና ሦስት ጊዜ የተሰነጠቀብንን የውሃ ፓምፕ አካል የቱ ጋ ቶሎ እየቀዘቀዘ እንደሚሰነጠቅ ከወንበሯ ሳትነሳ ያሳየችን እሷ ናት። በአራተኛው አልተሰነጠቀም። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ጋሽ ቀስበል እንኳ ወንበር ይጠርግላታል።

በማግስቱ መጣች፤ ላፕቶፗን ከእንጨት ብናኜ መሃል አስቀምጣ መጠየቅ ጀመረች። የሸክላው ውፍረት? የጋኑ ገላ? «ሙቀቱስ ጋሼ?»

«ቀለሙን አይቼ ነው የማፈሰው። ቁጥር አላውቅለትም።»

ሌላ ቢሆን ይስቅ ነበር። እሷ ግን ከቀይ እስከ ቢጫ የተደረደሩ ቀለሞች ስክሪኑ ላይ አወጣችለት። ጣቱን አንዱ ላይ አሳረፈ፤ ትንሽ አሰበና ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ይቺ ናት።» ቀለሟን ወደ ሙቀት መልሳ ጻፈች። የአንድ ሰው የዓይን ዕውቀት ቁጥር ሆኖ ሲወጣ አየሁና በልቤ ተመስገን አልኩ።

ጋሽ ቀስበል ወደ ምድጃው ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «አጎቴ፣ ማፍሰሱ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?»

የሰማሁትን ነገርኳት።

«እስቲ በልልኝ» አለች፤ ስልኳን አወጣች።

ቆቤን አወለቅሁ። ወደ ግድግዳው ዞሬ እንደማደርገው አደረግሁ። ከአምላኬ ጋር ስሆን መቸኮል አልወድም። አሜን ስል «አርባ ስድስት ሰከንድ» አለችና ጻፈች።

ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ጠረጴዛዬን ከበብን። ስክሪኑ ላይ ጋኑ እንደ ብርጭቆ ውስጡ ይታያል። ነሐሱ ከታች በቀይ ገባ፤ በገላው ውስጥ እየወጣ ሄደ፤ እየወጣ ቢጫ ሆነ፤ አረንጓዴ ሆነ። ከከንፈሩ አራት ጣት ሲቀረው ሰማያዊ ሆኖ ቆመ። ረግቷል ማለት ነው። የቆመው ልክ መስመሩ ላይ ነው።

«በትክክል እዚያው» አለ ዶክተር። «በአንድ ማፍሰስ ከዚህ አያልፍም። ሐሙስ እንቆርጣለን።»

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ማንም ያላየው የብረት ሆድ ይህን ያህል ጥርት ብሎ ይታያል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጋሽ ቀስበል ግን ፊቱ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ማሽንሽ ዋሽቷል።»

ደንግጬ አየኋት፤ ትቆጣለች ብዬ። አልተቆጣችም። «ማሽኑ የነገሩትን ነው የሚያሰላው ጋሼ። ከዋሸ የዋሸነው እኛ ነን። የነገርነውን አንድ በአንድ ላንብብልዎት፣ እርስዎ ያርሙኝ።» ቀለሙ ቢያስገርመኝም ይህ አነጋገሯ በለጠብኝ።

አነበበች። ሙቀቱ። «ልክ።» ሸክላው። «ልክ።» የገላው ውፍረት። «ልክ።»

«ማፍሰሻ ጊዜ፣ አርባ ስድስት ሰከንድ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ስንት?»

«አርባ ስድስት።»

«በአርባ ስድስትማ ጭልፋዬ ላይ ይረጋል። ማነው ይሄን ያለሽ?»

ጆሮዬ ጋለ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ያኔ አዛውንቱን ስትጠይቀው ከሳንቃው ወዲህ ሆኜ ሰምቼ ነው። አባታችን ሆይ ብዬ አሜን እስክል ብሎህ የለ?»

«ብሎኛል። ቀጥሎ ያለውንስ?»

«እሱን አልሰማሁም።»

ሳቁ ወደ ሳል እስኪለወጥ ሳቀ። «‹ውሻ እያባረረህ እንደምትለው ነው ታዲያ› ነው ያለኝ። አንተ ቆመህ አዚመህላታል!»

የእህቴ ልጅ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቼ፣ ቀስ የሚል ሰው ቀስ ብሎ ይጸልያል ብዬ ነበር። ሲያፈስ አይቼው አላውቅማ።

አርባ ስድስቱን አጠፋችና ሠላሳ አስገባች። ቆመ። ሃያ አምስት። ቆመ። አስራ ስምንት ስታስገባ ነሐሱ አልቆመም። ከንፈሩ መወፈር የሚጀምርበት፣ መስመሩ ያለበት ጋ ሲደርስ ለአፍታ ዘገየ፤ የላይኛው ቆዳው ትንሽ ታጠፈ፤ ከዚያ እስከ አፉ ሞላ። የታጠፈበት ላይ በውጭ በኩል ብቻ ቀጭን ክር ቀረ።

«ይኸው መስመሩ» አለች በዝግታ። «መገጣጠሚያ ላይሆን ይችላል። መጨማደድ ነው።»

እኔ ያንን ስሙ ያልቀረ ሰው አሰብኩ። ሰዓት የለው፣ መለኪያ የለው፤ ይህን ሁሉ በእጁ ያውቅ ነበር። ይህችኛዋ ደግሞ እሱ በእጁ ያወቀውን፣ ጋኑን በጥፍሯ እንኳ ሳትነካ ደረሰችበት። ሁለቱንም የፈጠረውን አመሰገንኩ።

ዶክተር አገጩን ያዘ። «ያምራል። ግን አስራ ስምንት ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ያን ያህል ነሐስ በዚያ ፍጥነት የሚያፈስ እጅ መኖሩን ካላሳያችሁኝ ሐሙስን ልሰርዝ አልችልም።»

«ጋሼ ያፍሱዋ» አለች። «በዚሁ ልክ አንድ ጋን። በካሜራ እናንሳዎት።»

«ካሜራ ካየኝ እጄ ይሽኮረመማል። ሰው ካለም እንደዚያው።»

«እንግዲያው ማንም አይገባም። እኛ ከሳንቃው ወዲህ እንሁን። እርስዎ ጸሎቱን ጮክ ብለው ይበሉት፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ አሜን እይዛለሁ።»

ሳቁ ጠፋ። «ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አልሰማኝም። ከፈጣሪዬ ጋር ስነጋገር ሰዓት አይያዝብኝም፣ ልጄ።»

ዶክተር ፎቶዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ቢቆረጥ በእኔ ጆሮ ጦስ የተቆረጠ ያህል ነው የተሰማኝ።

«ጋሼ» አልኩ፤ «እኔ በሰው ፊት ጸልዬ የጥንቱን ሰውዬ ጋን ላስቆርጥበት ነው። አንተ በሰዎች ፊት ብትጸልይ ይተርፍለታል። እግዜር በዚህ የሚቀየምህ አይመስለኝም።»

ከዶክተር እጅ አንዱን ፎቶ ወስዶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጠበቅነው።

«የእንጨቱን ሞዴል መቼ ታደርስልኛለህ?» አለ ሳይዞር።

«ሰኞ።»

«ረቡዕ ጠዋት አፈሳለሁ። ጮክ ብዬም እለዋለሁ፤ አንቺ ሰዓትሽን ያዢ፣ አንተም ዶክተር መጥተህ ስማ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ግን ከወዲያ ሆነህ አብረኸኝ እንዳትጸልይ። ታዘገየኛለህ።»