ሙቀቱን ያለፉት ዓሦች

መስከረም ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት እሑድ ጠዋት፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የእትዬ ፀሐይወርቅ ምግብ ቤት አራት ሰዎች ነበርን፤ እትዬ፣ ልጃቸው አይዳ፣ ጌድዮንና እኔ።

እኔ እዚያ አስተናጋጅ ነኝ። የዓሣ ገንዳውንም የምንከባከበው እኔ ነኝ። ቀያዮቹን ዓሦች ገዝቼ ያመጣሁት አይዳ ቀይ ስለምትወድ ነው፤ ይህን ግን ነግሬያት አላውቅም። አምና፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳት የሚያጠናው ጌድዮን ጅራታቸው እንደ ሰይፍ የሾለ የሌላ ዝርያ ዓሦች አምጥቶ ጨመረባቸው። ተዳቀሉ። ከዚያ ወዲህ አይዳ ገንዳው አጠገብ የምትቆመው እሱ ሲመጣ ብቻ ሆነ። ዲቃሎቹን ባየሁ ቁጥር የእሱን ፊት የማይ ይመስለኝ ነበር። እትዬን አስፈቅጄ በዚያው እሑድ ላወጣቸው ቆርጬ ነበር።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግን እትዬ ጀርባዬን ነፋስ መታኝ ብለው ኤሲውን አጠፉ፤ በዚያ ሙቀት መስኮቱንም ሁሉ ዘጉ። እንደዚያው ትተነው ወደየቤታችን ሄድን።

እሑድ ስንከፍት የገንዳው ውሃ ሞቋል። ቀያዮቹ ሞተው ተንሳፈዋል፤ ባለ ሰይፎቹም እንደዚያው። የሚዋኙት ዲቃሎቹ ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱን በጌድዮን ላይ ማላከክ አማረኝ፤ ምክንያት አጣሁ። እሱ ለአይዳ ማስረዳት ጀመረ። ዓለም እየሞቀ ሲሄድ አንዳንድ እንስሳት ከጎረቤት ዝርያ ጋር ተዳቅለው ሙቀት የሚችል ባሕርይ ሊያገኙ እንደሚችሉ፣ ብቻቸውን እስኪለወጡ ግን ጊዜው ላይበቃቸው እንደሚችል ነገራት። ሁልጊዜ እንደማይሳካ፣ ብዙ ዲቃላ ደካማ እንደሚሆን፣ በአንድ ገንዳም ምንም እንደማይረጋገጥ ጨመረ። እሷ የሰማችው የፊተኛውን ብቻ ይመስለኛል። ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሳችም።

«በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

እትዬ ሳቁ። ጌድዮን አልተቆጣም።

«በቅሎ አትወልድም፣ መክብብ። የዚችን ዓሣ ሆድ ግን እየው እስቲ።»

አየሁት። አርግዛለች።

«ሌሎች ቀያዮች አመጣለሁ» አልኳት አይዳን።

«ለምን ትደክማለህ? እነዚህ ይበቁናል። ሶ፣ እንዳታወጣቸው፣ ኦኬ?»

ጌድዮን ለቤቱ ጥቂት ዲቃሎች በባልዲ ቀዳ። አይዳ ባልዲውን ታቅፋ መኪናው ውስጥ ገባች፤ አብረው ካልቨር ሲቲ ወዳለው ቤቱ ሄዱ።