ፊቷን ካላየሁ ከሌን አላወልቅም

አያሌው በሱዳን ዋና ከተማ ከባሕሪ ሰፈር ተነሥቶ፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሮ ሪያድ ከሚባለው ሰፈር ሲደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ጾመ ፍልሰታ ነውና እህል አልቀመሰም፤ ጉልበቱም ከድቶታል። በወጣትነቱ ከድጓ ቤት ወጥቶ ሱዳን የገባ፣ ዲሽና ስልክ ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው። የጠራችው በእመቤቷ በሲት ኒዕማ ቤት ሠራተኛ የሆነችው ስንቅነሽ ናት፤ በቤተ ክርስቲያን ያውቃታል።

ጉዳዩ ከባድ ነበር። ማዮ በሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ ስንቅነሽ የምትባል ሌላ ሴት ዐርፋ፣ መርዶው ተሳስቶ ደሴ አጠገብ ለሚኖሩት ለዚህችኛዋ እናት ደረሰ። ልጅ በስልክ «አለሁ» ብላ ብትጮኽ እናት አላመኑም። «ሊያጽናኑኝ ድምፅዋን የሚያስመስል አምጥተው ነው፤ ፊቷን ካላየሁ ከሌን አላወልቅም» አሉ። ስለዚህ ታናሽ እህቷ ናርዶስ እናታቸውን ደሴ ኢንተርኔት ቤት አምጥታ ትጠብቃለች፤ ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው መኪና ሳይነሣ መተያየት አለባቸው።

የሲት ኒዕማ ልጅ ሂሻም ላፕቶፑን ለስንቅነሽ አውሷት ወደ ሥራው ሄዷል። ትናንት ማታ ደኅና የነበረው ዋይፋይ ግን ዛሬ ጠፍቷል።

አያሌው ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሲት ኒዕማ የቀትር እንቅልፏን ተኝታለች፤ ወንድ እንግዳ ወደ ሳሎን አይገባም። ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው፤ የይለፍ ቃሉንም ደግሞ ጻፈ። አልሆነም።

«ግቢና የዋይፋዩን ሳጥን መብራቶች እይልኝ» አላት።

ገባች። ወዲያው በላፕቶፑ ላይ የዋይፋዩ ምልክት በራ። ተመልሳ «ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ» ስትል ግን ጠፍቶ ነበር።

«ገመዷን ነቅለሽ መልሺው፤ መብራቶቿ እስኪበሩ እዚያው ቆሚ።»

ገባች፤ ቆይቶ ምልክቱ መጣ። ወጣች፤ ሄደ። አያሌው ላቡን ጠረገ።

«ስትገቢ ይመጣል፤ ስትወጪ ይጠፋል።»

«አይ የእኔ ነገር! ለእናቴ ሞቻለሁ፤ ይህችም ሳጥን ከሙታን ቆጠረችኝ?»

«ቀልዱን ተዪው ልጄ። እዚያ ገብተሽ ያደረግሽውን አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

«ምን አደርጋለሁ? ሳፋውን አነሣሁ፣ መብራቱን አየሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሳፋውን መልሼ ደፋሁ...»

«የምን ሳፋ?»

«የአሉሚኒየሙ ነዋ! በዚህ በሀቡብ፣ በአቧራ ማዕበል ወራት ሳይከደን የሚያድር ዕቃ አለ? አቧራ ቢገባባት ሲት ኒዕማ ከራሴ አትወርድም። ጧት እደፋባታለሁ፤ ሂሻም ማታ ሲገባ ያነሣዋል።»

አያሌው ሊቆጣ ፈለገ፤ አቅም አጣ። እርሱስ በሱቁ ያለውን ሁሉ ከዚያ አቧራ ለማዳን በድስት ክዳን ሲሸፍን አልኖረምን?

«ፋኖስ አብርተሽ እንቅብ ደፋሽበት» አላት። «የዚህች ሥራ በአየር የሚሄድ ነው፤ ብረት ያግደዋል። አንሺውና እንደ ተነሣ ተዪው።»

ሮጣ ገብታ ሮጣ ወጣች። ደሴ ሲደወል በላፕቶፑ ላይ ምስል መጣ፤ ጥቁር የተከናነቡ አሮጊት ወደ መስተዋቱ ተጠግተው ታዩ። ልጃቸውን አተኩረው አዩ። ቆይተው፦

«አንገትሽን አዙሪ» አሉ።

ስንቅነሽ ሻሿን ገልጣ በልጅነቷ እሳት አንገቷ ላይ የተወባትን ጠባሳ አሳየች።

«ከስተሻል» አሉ እናቷ። እጃቸውም ወደ ጥቁሩ ነጠላ ሄደ።

በዚያን ጊዜ ሰማዩ በስተ ደቡብ ቀልቶ ነበር። ከውስጥ ሲት ኒዕማ ጮኸች፦ «ያላ ስንቅነሽ! ሀቡብ መጣ! ዕቃውን ክደኚ!»

ስንቅነሽ በድንጋጤ ልትነሣ ስትል አያሌው ትከሻዋን ያዘ። ግድግዳውን ተደግፎ በጭንቅ ቆመና፣ በሩን ሳያልፍ በዐረብኛ ጮኾ መለሰ፦

«ጥቂት ይታገሡ እመቤቴ፤ እናቷ እያየቻት ነው።»

ሲት ኒዕማ ራሷ መስኮቶቹን ስትዘጋ ተሰማ። አያሌው የመጀመሪያውን አቧራ በጥርሱ መካከል እየቀመሰ፣ ድልድዩን አሻግሮ የሚመልሰው ጉልበት እስኪመጣለት ተመልሶ ተቀመጠ። በላፕቶፑ ውስጥ ከሉ ከአሮጊቲቱ ራስ ወርዶ ነበር።