በስሙ ጥሩት

ሴትዮዋ መኪና መንዳት ታስተምራለች። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል ይባላል፤ እሷ ግን ትዕግሥት ሲታደል ወረፋ ያልደረሳት ሰው ናት። ፍሬንና ነዳጅ ያምታታ ለማጅ መንጃ ፈቃድ ባያገኝ እንኳ ስድብ ጠግቦ ይወርዳል። ተማሪዎቿ በሌለችበት "ጥሩምባ" ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። ቅጽል ስም ሁሉ ክፉ አይደለም።

ታናሽ ወንድሟ ሞቶ ትንሽ ሰንበትበት ካለ በኋላ ስልክ ተደወለላት። ለማጇ መስቀለኛ መንገድ መሃል ሞተር አጥፍታ፣ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ይጮህባቸዋል።

"የፍራሹ እህት ነዎት?" አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

ጩኸቱ ሁሉ ከጆሮዋ ጠፋ። ያንን ስም የሰማችው ልጅ ሳለች ነበር።

ደዋዩ ወንድሟ በተማረበት አዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ ክፍሉ አለቃ የነበረ ሰው ነው። አሁን ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ ጓደኞቹ ግን ዛሬም "አለቃ" ይሉታል። የቀድሞ ተማሪዎች በየዓመቱ በድሮው መመገቢያ አዳራሽ ተሰብስበው የሞቱባቸውን ያስባሉ። "ስሙ ናስ ላይ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ ይሰፍራል፤ የሕይወት ታሪኩም ይነገራል" አላት።

"ታሪኩን የምናገረው እኔ ነኝ።"

"ምን ችግር አለ፣ እህታችን!"

የፍራሹ ነገር እንዲህ ነው። ልጁ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ገና እንቦቃቅላ ነበር። ቤቱ ናፈቀውም ይሁን ብርዱ፣ ሌሊት ሌሊት አልጋው ላይ ይሸና ጀመር። ቤቱ ቢሆን እናቱ አንሶላውን ቀይራ ዝም ትላለች። እዚያ ግን የልጆች ደንብ ነበረ፤ የረጠበውን ፍራሽ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ፣ ቁርስ ሊበሉ በተሰለፉት ፊት ከዳር እስከ ዳር አልፎ፣ አጥሩ ላይ ያሰጣል። እነሱ ያጨበጭባሉ። እህቱ አንድ ጠዋት ሹራብ ልታደርስለት ሄዳ አየች። ፊቱ አይታይም፤ ከፍራሹ ሥር የሚታዩት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ብቻ ናቸው። እግሮቹን አወቀቻቸው። ሮጣ ለአባቷ ብትናገር፣ "ተዪው፣ ወንድ ይወጣዋል" አሏት። ለዚህች ቃል አባቷን እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻቸውም።

እውነት ነው፣ ሰው ወጣው። ሰው ሠራሽ እግር ይሠራ ነበር። በሰው ትከሻ ተደግፎ ወርክሾፑ የገባውን፣ ለክቶ፣ ሞርዶ፣ አስሬ አስነሥቶ አስቀምጦ፣ በሁለት እግሩ ይሸኘዋል። የቀብሩ ዕለት ሬሳውን ተከትለው ከሄዱት ብዙዎቹ የሚራመዱት እሱ በሠራው እግር ነበር። ታዲያ ይህ ሰው በሰው ቤት አድሮ አያውቅም። እህቱ ቤት እንኳ እራት በልቶ "ነገ ሥራ አለብኝ" ብሎ ይሄዳል። ከሞተ በኋላ ቤቱን ስታጸዳ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ተነጥፎ አገኘች። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው! ከቀብሩ ይልቅ ያለቀሰችው ያንን ላስቲክ ስታጥፍ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኸው ነው።

በቀጠሮው ቀን ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የተጻፈባትን መኪና ከተወለወሉት አውቶሞቢሎች መሃል አቁማ ገባች። የምትናገረውን በልቧ ይዛለች፤ ስለ እግሮቹ፣ ስለ ወርክሾፑ፣ በሳቀ ቁጥር አፉን በእጁ ስለመሸፈኑ። ግድግዳው ላይ የናስ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ "አንበሳው"፣ "ፈላስፋው"፣ "ጥይቱ"። መጨረሻ ላይ፣ በአራት ብሎን የታሰረ አዲስ ሰሌዳ ያብለጨልጫል። "ፍራሹ" ይላል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች አለቃን።

"ወጋችን ነው፣ እህታችን። እዚህ ሁላችንም በወጣልን ስም ነው የምንታሰበው።"

"ይሄንን ያወጣለት ማነው?"

"እንግዲህ... ልጆች ነበርን" ብሎ ፈገግ አለ። "ደግሞ ሰዓቱ ጠቦብናል፤ ስለሱ እኔው ባጭሩ እላለሁ።"

ደሟ ፈላ። ቢሆንም ሙት ይከበር ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች።

አለቃ እንደ ድሮው የማታ ቁጥጥር ሟቾቹን እየጠራ፣ አዳራሹ በሙሉ "አለ!" እያለ ይመልስ ጀመር። "አንበሳው!" "አለ!" "ጥይቱ!" "አለ!" "ፍራሹ!" ሲል ግን ሳቁ ቀደመ።

"ከተማው በሙሉ ውሃ ሲቋረጥበት እንኳ እሱ ተቋርጦ አያውቅም!" አለ አለቃ። ሽበታሞቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። "ግን ጀግና ነበር፤ ያንን ፍራሽ ተሸክሞ ሲያልፍ አንድ ቀን አላለቀሰም!" የሳቅ እንባውን በመሐረብ ጠረገ። በሉ እንግዲህ፣ የሕይወት ታሪክ ተብዬው ይኸው ነበር። "ፍራሹ!" ሲል ደገመ።

"የለም!"

ያ ድምፅ በጥሩምባ መሃል ሲጮህ የኖረ ድምፅ ነው። ሳቁ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ቆማለች።

"ፍራሹ የሚባል ሰው አልተወለደም፤ አልሞተምም። የሞተው ወንድሜ ነው።"

"እህታችን፣ ከፍቅር እኮ ነው" አለ አለቃ።

"ከፍቅር ከሆነ በስሙ ጥራዋ!"

አለቃ ወደ ቀኙ ዞረ፤ የቀኙ ሰው ብርጭቆውን ያያል። ወደ ግራው ዞረ፤ የግራው ወደ ጣሪያ። ከኋላ አንዱ የሆነ ስም ጣል አደረገ፤ አልነበረም። ሌላው ሌላ ሞከረ፤ እሱም አልነበረም።

"የልብስ ቁጥሩ... ሠላሳ አንድ ነበር" አለ አለቃ በመጨረሻ።

ወጥታ ከመኪናዋ ብሎን መፍቻ ይዛ ተመለሰች። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ እያያት አራቱንም ብሎኖች ፈታች። አንዷ ብሎን ሁለቴ አመለጠቻት፤ ላግዝሽ ያላት የለም። ግድግዳው ላይ አራት ቀዳዳ ቀረ።

"ስሙ ትዝ ያለው ሰው ይለጥፍበት" ብላ ሰሌዳውን ይዛ ወጣች።

አለቃ መኪናዋ ድረስ ተከተላት። አሁን ዳኛም አለቃም አይመስልም፤ ሽማግሌ ብቻ ነው። "እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ ስሙን ንገሪኝና ዛሬውኑ አስቀርጻለሁ" አላት በመስኮቱ።

አሳዘናት እንዴ? ኧረ ወዲያ! ቁጣዋ ገና እንደ ጋለ ነው።

"ያኔ ፍራሹን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ በስሙ ጠርቶ 'ና ላግዝህ' ያለው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ያ ሰው ዛሬ ስሙን ያውቀው ነበር" ብላ ሞተሩን አስነሣች።

ሰሌዳውን ከጎማው ሥር ጥላ ሄደችበት፤ ኋላ ማርሽ አስገብታም ደገመችው። ትልቁን በር አልፋ ዋናው መንገድ ላይ ስትወጣ፣ እናቷ ያወጣችለትን ስም በዚያ ድምፅዋ ጮክ ብላ ጠራች።

"አለ!" ብላም ራሷ መለሰች።