ለፀጉሩ የተሰጠ ብረት

በፌዝ አሮጌ ከተማ ባለው ቤታችን ሴት ፀጉሯን ስታበጥር የረገፈውን አትጥልም። በጣቶቿ ታድበለብለውና ላይኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ጎን ባለው የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ክፉ እጅ እንዳያገኘው ነው። እናቴም፣ አክስቴም፣ ከእነሱ በፊት በዚህ ቤት የኖሩት ሴቶችም እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። እኔ ራባት ሄጄ ሥነ ምግብ ተምሬ ከተመለስኩ በኋላም የረገፈውን ይዤ ወደዚያው እሄዳለሁ። ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

በዚያ ዓመት መኸር ላይ ስንጥቁን የምትሞላው ግን እህቴ ዝሁር ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከማበጠሪያዋ የምታወጣው ድብልብል የድንቢጥ ጎጆ ያህላል።

ዝሁር ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ በሚያዝያ ልታገባ ቀን ተቆርጧል። ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ የሙሽራው እናት ሙሽራዋን ይዛ ሐማም ትሄዳለች። በእንፋሎቱ ውስጥ ፀጉሯን ትፈታላታለች፣ ታስጥባታለች፤ የዘመድ ሴቶች ዙሪያዋን ተቀምጠው ያያሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ዝሁር ለሌላ ሰው ታጭታ በነበረ ጊዜ እነዚያ ሴቶች ያዩት በእርጥብ ፀጉሯ መሀል የሚያበራውን የራስ ቆዳዋን ነው። እዚያው ምንም አላሉም። በማግስቱ ግን “ልጅቷ ደካማ ናት፣ ልጅም አትሸከምም” የሚል ቃል መጣና ሠርጉ ቀረ። ሁለት ወር ከቤት አልወጣችም። ጃዋድ ሁለተኛው እጮኛዋ ነው። ሦስተኛ እንደማይመጣ እሷም እኔም እናውቅ ነበር፤ አውርተንበት ግን አናውቅም።

ደሟን አስመረመርኳት። የብረት ክምችቷ ስድስት ነው ተባለ፤ ቢያንስ ሠላሳ አርባ መሆን ነበረበት። ሐኪሟ የብረት ክኒን አዘዘችላት፤ ምግቡን ለእኔ ተወችልኝ። ከስልኳ ላይ አይታ የገዛቻቸውን ሁለት ጠርሙስ የፀጉር ማሳደጊያ እንክብሎች ደግሞ ወሰድኩባት። ሁለቱም ውስጥ ቫይታሚን ኤ ነበረ፤ ሲበዛ እሱ ራሱ ፀጉር ያረግፋል። ምስር ከሎሚ ጋር፣ በሳምንት አንድ ቀን ጉበት፣ እንቁላል፣ ሰርዲን ብዬ በወረቀት ጻፍኩ። ከታች ደግሞ ከምግብ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ሻይ የለም አልኩ።

አክስታችን ከልቱም፣ እኛ ኻልቲ የምንላት፣ ወረቀቱን አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችን እሷ ናት።

“ከምሳ በኋላ ሻይ የለም?”

“ሻዩ ብረቱን ይይዘዋል፣ ኻልቲ። ሰውነቷ እንዳይወስደው ያደርጋል።”

“አራት ዓመት ራባት ያስቀመጡሽ ይሄን ለማስተማር ነው? ሻይ ለመከልከል? ጭካኔ መማር ከፈለግሽ እኔ እዚሁ በነጻ አስተምርሽ ነበር!”

“ለእሷ ብቻ ነው።”

“እኔ ናናውን እያሸተትኩ ስጠጣ እሷ ግድግዳ ልታይ? ተይኝ እስቲ!” አለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይዋን ጓዳ ገብታ፣ ተደብቃ ነበር የምትጠጣው።

ዝሁር ሳቀች። “እኔ ምን ላድርግ ታዲያ፣ ዶክተር በቱል?”

“ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከብርቱካን ጋር። ታገሺ፤ ለውጡ የሚታየው ከሦስት አራት ወር በኋላ ነው። ፀጉርሽ ተርቧል፣ ሌላ ምንም አይደለም። አብዪው።”

እንዲህ ነበር ያልኳት። ቃሌን አስታውሰዋለሁ፤ ሐኪም ቤት ሁሉም ሰው የሚለው ነገር ነው።

ጥር ላይ ዳግም ተመረመረች። አምስት።

የክኒን ማሸጊያዎቹን ቆጠርኩ፤ ባዶ ናቸው። ምስሩን ስትበላ አይቻለሁ። ከንፈሯ ገርጥቷል፣ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ትተነፍሳለች። ፀጉሯን ስካርፍ ውስጥ አስገብታ አሥራ ትተኛለች። ሠርጉ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር፤ እኔም ምግቡ ውስጥ ያጠፋሁትን ነገር ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ አድር ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የራሴን ፀጉር ልወሽቅ ላይኛው ክፍል ገባሁ። ክረምቱ እርጥብ ነበር። ከስንጥቁ ሥር ባለው ነጭ ኖራ ላይ ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ወርዶ ደርቋል፤ እስከ ወለሉ ድረስ። ነካሁትና አሸተትኩት። ዝገት ነው። ጣቴን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። የነካሁት ክኒን ነበር፤ ግማሹ ሟሙቷል። ከሥሩ ሌላ፣ ከእሱም ሥር ሌላ። የሦስት ወር ክኒን ሁሉ እዚያ ነበር።

ከክኒኑ ጀርባ ፀጉሩን አገኘሁት። ከዚህ ቤት ሴቶች የወጣው ሁሉ በድብልብል የገባ ነው፤ ደረቅ፣ አቧራ የለበሰ መሆን ነበረበት። እጄ የያዘው ግን ጉንጉን ነበር። በሦስት የተጎነጎነ፣ ጥብቅ፣ ዘይት እንደተቀባ የሚያበራ። ሳብኩት፤ አንድ ክንድ ወጣ። እንደገና ሳብኩ፤ ሌላ ክንድ ወጣ። አላለቀም። ለብ ያለ ነበር። ፀሐይ ያ ግድግዳ ላይ አርፋ አታውቅም።

ሦስተኛ ጊዜ ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት።

“አይ! ቀስ በይ እንጂ!” አለች ዝሁር፣ ከታችኛው ክፍል።

ለቀቅኩት። ጉንጉኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደወደቀ ነገር አልነበረም የተመለሰው።

ስወርድ ዝሁር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ማጅራቷን በእጇ ይዛ ነበር። ብቻዋን ናት።

“ማን ሳበሽ?” አልኳት።

“እኔ እንጃ። ሐሳብ ይዞኝ ነበር።” ከዚያ እጄን አየች፤ ጣቶቼ ቀይ ናቸው። ዓይኗን ሰበረች።

“ዝሁር፣ ክኒኑን ለምን?”

“ተርቧል አላልሽኝም?” አለች ቀስ ብላ። “ራሴ ላይ ያለው አይቆይም፣ በቱል። ባበላውም ይሄዳል። እዚያ ያለው ግን የትም አይሄድም። ለሚቆየው ሰጠሁት። ደግሞ እንዴት እንዳማረበት አይተሻል?” አለች። ፊቷ ላይ ኩራት ነበር፤ ልጅ ያሳደገች ሴት ፊት።

ለአክስቴ አልነገርኩም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ከማግስቱ ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ክኒኑን አጎርሳታለሁ፣ ብርቱካኑን እልጥላታለሁ፣ አፏን ከፍታ ታሳየኛለች። መጀመሪያ ተቆጣች።

“እስር ቤት ነው እንዴ?”

“ምላስሽን አንሺ።”

“ለምራትሽ አላህ ይዘንላት! ገና ሳታገቢ እንደ አማት ሆነሻል።”

ስንጥቁን በኖራ ደፈንኩት። በአምስተኛው ቀን ኖራው ተሰነጠቀ፤ እንደገና ደፈንኩት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ሲፋተግ ሰማሁ፤ በዝናብ ቀን የገለባ ፍራሽ ላይ ሰው ሲገላበጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ከዚያ ቆመ። ጸጥታው ከድምፁ ይልቅ ከበደኝ፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን ዝሁር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሳህን ምስር ጠይቃ በላች፣ የሳህኑንም ጠርዝ በዳቦ ጠረገች።

በመጋቢት ክምችቷ ሃያ ሁለት ደረሰ። ግንባሯ ጠርዝ ላይ አጫጭር አዲስ ፀጉር ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ፈጥኖ ነው የሄደው። ፀጉር በወር አንድ ጣት ውፍረት ያህል ነው የሚያድገው፤ ይህን ለሰው ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። የዝሁር በስድስት ሳምንት ትከሻዋን አለፈ። አክስቴ ጉበቱን አመሰገነች። እኔም ጉበቱ ነው አልኩ።

ሐሙስ ደረሰ። የጃዋድ እናት፣ በክብር ላላ ታሙ የምንላት፣ በሰፈራቸው ወዳለው ሐማም ወሰደችን፤ ከወንዙ ማዶ ነው፣ እኔም ዝሁርም ሄደንበት አናውቅም ነበር። እንፋሎቱ ውስጥ ሴቶቹ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ላላ ታሙ ስካርፉን ፈታች። ፀጉሩ ወረደ። አንዷ ሴት “ማሻአላህ!” አለች። ላላ ታሙ መዳፏ ላይ አድርጋ መዘነችው።

“ይሄንን ነው እንዴ ደካማ ያሉት? ዓይናቸው ይጥፋ! ልጄ፣ ምን አበላችኋት?” አለችኝ።

“ምስር ነው፣ ላላ።” አልኳት።

አጣቢዋን ጠራች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ወገቧ የጎበጠ ሴት ናት፤ በዚህ ሰፈር የሞቱ ሴቶችንም የምታጥብ እሷ ናት አሉኝ። ውሃ አፈሰሰች፣ ጣቶቿን ፀጉሩ ውስጥ አስገባች፣ ከዚያ እጇ ቆመ። ከማጅራት ጀምራ እስከ ጫፉ ዳሰሰችው፤ እንደገናም ዳሰሰችው።

“እኔ ይሄንን ፀጉር አጥቤዋለሁ” አለች ለእኔ፣ ዝቅ ብላ። “ገና ልጃገረድ ሳለሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ከእናንተ ቤት የመጣች፣ ሳታገባ የቀረች ሴት ነበረች። መጨረሻም ላይ ያጠብኳት እኔ ነኝ።”

ላላ ታሙ “ምን አለች?” ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ቃል ብናገር ሠርጉ እዚያው እንደሚቀር አውቅ ነበር። የእህቴን ጀርባ አየሁት፤ ቀጥ ብሎ፣ ሥጋ አውጥቶ፣ ሞቅ ያለ ቀለም ይዞ።

“ያማረ ፀጉር ነው አለች” አልኩ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ሲበርድ ዝሁር አንገቷን ወደ አጣቢዋ ዘንበል አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

“በግራ በኩል ቀስ እያልሽ” አለቻት፣ “እንደ ድሮው።”

አሮጊቷም እጇን ወደ ግራ ወሰደች።