የብድር እባብ

በዚያ ዓመት ግንቦት ሲገባ ውርጭ ወረደ። የእንጆሪው ዛፍ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ሸለቆው ጠቁሯል። የሐር ትሎቹ ግን ቀድመው ተፈልፍለዋል፤ ትል ደግሞ ከእንጆሪ ቅጠል ሌላ አይበላም። ሰው ሁሉ ከትሉ ግማሹን እያነሳ ወንዝ ውስጥ ደፋ። አባቴም ደፋ። የተረፈውን፣ ውርጭ ካልነካው ከተራራው ማዶ ቅጠል በጀርባችን እያመላለስን አኖርነው። ከዚያ አይጥ መጣ።

ቤታችን እባብ አልነበረውም። ያለፈው መኸር ላይ ጣሪያውን በአዲስ ሣር ስንከድን አሮጌውን አቃጥለነዋል። እባቧ ለብርዱ ወራት እዚያ ሣር ውስጥ ተኝታ ኖሯል። ያወቅነው ሙቀት መጥቶ ሳትወርድ ስትቀር ነው። ድመት ለትል ቤት አይሆንም። ድመት ትሉ የተሰጣበት ሰፌድ ላይ ይወጣል፣ ትሉንም ይበላል። አይጥ የምትበላ እባብ ግን በአግዳሚው እንጨት ላይ ነው የምትሄደው። ሰፌድ አታናውጥም፣ ትል አትነካም፣ መርዝ የላትም። በእኛ አገር፣ ቤት ውስጥ፣ «እባብ» አንላትም። «የቤቱ ባለቤት» ነው የምንላት።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከታችኛው ቤት፣ ኡሺጎሮ መጣ። ትከሻው ላይ የቤቱን እባብ የያዘ የገለባ ከረጢት ነበር።

«ይህን በጋ ትሥራልህ» አለው አባቴን።

የቤት ባለቤት የሆነችን እባብ ሰው ለሰው አይሰጥም። የቤቱ ዕድል አብሯት ይሄዳል ይባላል። ወንድም ለወንድሙ አይሰጥም። ኡሺጎሮ ሰጠ።

ትሉ ያለበትን ቆጣችንን ከአይጥ አጸዳችው። ትሉ የፈተለውን ጥቂት የሐር ጎጆ ለቀምን፣ ሐሩ ከሌላው ጋር ወደ ዮኮሃማ ወደብ ወረደ፣ እኛም ያን ብርድ ገብስ በልተን አለፍነው። እባቧ በዚያው በጋ በሙቀቱ ወር የትሉን ጥራጊ በምንከምርበት ፍግ ውስጥ እንቁላል ጣለች። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ወደ ቤቷ ለመመለስ በራሷ ወጣች። በሁለቱ ቤቶች መካከል የጋሪ መንገድ አለ። የከሰል ጋሪ ገደላት።

ኡሺጎሮ ጓሮው ቀበራት። «ዕድሜዋ ነው» አለ። እንቁላሎቹ በእኛ ክምር ተፈለፈሉ። ቤታችን ከዚያ ወዲህ እባብ አጥቶ አያውቅም። የታችኛው ቤት ግን አላገኘም።

አባቴ እስኪሞት ድረስ «የታችኛው ቤት ነገር አልተመለሰም» ይል ነበር። እሱ ሲሞት እኔ ማለት ጀመርኩ። ኡሺጎሮን «ውሰድ» ስንለው አልወስድም አለ። ልጁም አልወስድም አለ። ሁለቱም ሞቱ። ቤቱ ውስጥ የቀሩት የልጁ ሚስት ሺጌና ሴት ልጇ ናቸው።

አንድ ቀን፣ እንጆሪው ቅጠል ሲያወጣ፣ ሺጌ መጥታ በረንዳችን ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ ኩሜጂ፣ የዘንድሮው ትል ካልሆነልኝ ዛፎቹን አስቆርጬ ከልጄ ጋር ከተማ ፈትል ፋብሪካ እገባለሁ።»

«ምን ጎደለሽ?»

«ምንም አልጎደለኝም። አይጥ ሞልቶልኛል። አምና እነሱ ሐር ለበሱ፣ እኔ ራቁቴን ቀረሁ።»

ሚስቴ ማትሱኖ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያ ቤት ከተዘጋ ብድሩን ለማን እመልሳለሁ?

«ባለቤት እሰጥሻለሁ» አልኳት።

«አማቴ እንቢ ያሉትን?»

«አማትሽ አይጥ አላስመረራቸውም ነበር።»

ወደ ማዶ፣ ወደ ቤቷ አየች። ከዚያ «እሺ» አለች።

የዚያን ጊዜ የቤታችን ባለቤት ትልቅ ሴት እባብ ነበረች። ቁመቷ ከውኃ መሸከሚያ በትር አያንስም። መልኳ እንደ ደረቀ ሻይ ቅጠል አረንጓዴ፣ ሽታዋ እንደ ታጨደ ሣር። ቀን ቀን የማትሱኖ የስፌት ቅርጫት ውስጥ ትተኛለች። ማትሱኖ መርፌ ስትፈልግ እንደ ነጠላ በክንዷ አንስታ ወደ ጎን ታስቀምጣታለች። የመንደሩ ልጆች ሊዳስሷት ይመጣሉ። አትቆጣም።

ከረጢቱ ውስጥ ማትሱኖ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈች። አንድ የዶሮ እንቁላልና አንድ ጽዋ የሩዝ ጠጅ፣ ሳኬ፣ አስያዘችኝ።

«ልጅ እየዳርኩ ነው» አለች። ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ሺጌ የክት ልብሷን ለብሳ ደጃፍ ላይ በሁለት እጇ ተቀበለችን። እባቧን ቆጥ አውጥተን አግዳሚው ላይ ለቀቅናት። ሺጌ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ማትሱኖ ክር ፍለጋ እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ስትሰድ እዚያው አገኘቻት። ብዙም ሳይቆይ ሺጌ መጣች።

«መጥታለች?»

«መጥታለች» አልኩ።

«እኔን አማቷን አልወደደችኝም ማለት ነዋ።»

«ኧረ አንቺን ወዳሻለች» አለች ማትሱኖ፣ «የጠላችው ሾርባሽን ነው። እኔም ብሆን እኮበልል ነበር።»

ሺጌ ሳቀች፣ ሳቋ ግን አልቆየም። ባለቤት በራሷ ፈቃድ ጥላው የወጣችው ቤት አይቆምም ይባላል። ያን እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ይናገራል።

«ይብቃ ጋሼ። አልፈለገችንም።»

«ቤትሽን ጠልታ አይደለም» አልኳት። «መንገዱን ታውቀዋለች፣ ሌላ ምክንያት የለውም።»

ስህተቱ የእኛ ነበር። እባብን እንደ ሴት ልጅ ዳርናት። ልጅ የተዳረችበት ትኖራለች፤ እባብ የምትኖረው በተፈለፈለችበት ነው።

ትሎቹ ግን ይህን አይጠብቁም። በማግስቱ እንደገና ተሸክሜ ወሰድኳት። ጥቂት ቀን ቆይታ ተመለሰች። እንደገና ወሰድኳት። ማትሱኖ «የቀን ሠራተኛ ሆነችልን» አለች። እውነትም እንደዚያ ነበር። እዚያ ባለችባቸው ቀኖች አይጥ ድምፁ አይሰማም። በሄደች ማግስት እኔ ከረጢቴን ይዤ እመጣለሁ።

ያስፈራኝ መንገዱ ነበር። ስትመለስ ሁልጊዜ በማለዳ ነው። ፀሐይ አፈሩን ስታሞቀው መሃል መንገድ ላይ ትዘረጋለች፤ ደስ እስኪላት አትነሳም። ያችኛዋ የኡሺጎሮ እባብም የሞተችው በዚሁ ነው። ስለዚህ ገመድ መግመጃ ገለባዬን ይዤ በየማለዳው መንገዱ ዳር መቀመጥ ጀመርኩ።

ከሰል የሚያመላልሰው ጋሪ ነጂ ቶራኪቺ እኩያዬ ነው። አፉ አያርፍም።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«እባብ።»

«ሚስትህ አባረረችህ እንዴ?»

«ፈረስህን ያዝ።»

ያኔ አያት። ከፈረሱ ፊት ተጋድማለች። ልጓሙን ሳበና ጠበቀ። እሷ ግን አልቸኮለችም።

«ከመንደሩ ሹም ሚስት ትብሳለች» አለ ቶራኪቺ። «ለእኔ ፈረስ እንኳ እንዲህ ዘብ የቆመለት የለም።»

«ፈረስህ አይጥ አይበላም።»

«ቢያገኝ ይበላ ነበር፣ የማበላው እንዳንተ ቆንቁኜ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ከመታጠፊያው ላይ ሆኖ «እመቤቲቱ አለፈች?» ብሎ ይጮኻል። «አላለፈችም» ካልኩት ይቆማል። ሲቆም ትምባሆውን ያወጣል፤ ጭሱ ለትል መርዝ ስለሆነ ቤቶቹ አጠገብ አያጨስም፣ በእጁ ሲያሽ ቆይቶ መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ይከተዋል።

የሺጌ ትሎች ቆዳ የሚጥሉበትን የመጨረሻ እንቅልፋቸውን ተኝተው ተነሱ። መፍተያ ገለባው ላይ ወጡ፣ ፈተሉ። ጎጆዎቹ ነጭና ጠንካራ ወጡ። በዚያ ዓመት ዛፎቹን አላስቆረጠችም።

እኔ ግን አላረፍኩም። ሺጌ የተዋሰችው ጉልበት ብቻ ነው። እባብ የተበደረ እባብ ይመልሳል። ጉልበቴም ያን ቁልቁለት ለሁልጊዜ አይወርድም።

በሙቀቱ ወር ባለቤታችን ከክምሩ ስትወጣ አየኋት። ጎኗ ጎድሏል፣ ቆዳዋ ተሸብሽቧል። ፍጉን በጣቴ ገለጥኩ። እንቁላሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። የእባብ እንቁላል ከተገለበጠ ውስጡ ይሞታል። እንደተቀመጡ ላያቸውን በከሰል ምልክት አደረግሁ። ሰፌድ ላይ ከነትኩስ ፍጉ አነሳኋቸው። ማትሱኖ ዶሮና ውሻ እያባረረች ከፊቴ ሄደች። ሰፌድ አለማናወጥ እናውቃለን፤ ዕድሜያችንን የሠራነው እሱን ነው።

ሺጌ ክምሯ አጠገብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችን።

«ብርድ እስኪገባ ክምሩን አታገላብጪ» አልኳት።

«ታዲያ ማሳዬ ምን ይብላ?»

«ከእኔ ክምር ውሰጂ።»

«የእርስዎስ ማሳ?»

«እሱ ይጦማል።»

«ለእባብ ብሎ ማሳውን የሚያስጦም ሰው አለ?»

«አማትሽ ለሰው ብለው ቤታቸውን አስጦመዋል።»

ገብታ ገመድ አመጣችና በክምሩ ዙሪያ ችካል ተክላ አጠረችው፣ እንደ አድባር ዛፍ።

አንድ ረፋድ ላይ መቆፈሪያ እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ! እንቁላልዎ እፉኝት ፈለፈለልኝ!»

«መታሻቸው?»

«ልመታ ነው!»

ጉልበቴን ረስቼ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ክምሩ ላይ ጣት የማይሞላ ውፍረት ያላቸው ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። ቡናማ ናቸው፣ ጀርባቸው በጠቃጠቆ ተሰልፏል። ቁርጥ እፉኝት። ሺጌ እባብ በሌለበት ቤት ተድራ የመጣች ናት፣ ግልገል አይታ አታውቅም።

«መቆፈሪያውን አስቀምጪ» አልኩ። «ሲወለዱ እንዲህ ናቸው። እስኪያድጉ የእፉኝት ልብስ ይለብሳሉ።»

«ማንን ሊያስፈራሩ?»

«አንቺን።»

መቆፈሪያውን ጣለችና ክምሩ ዳር ቁጢጥ ብላ እስክትጠግብ ሳቀች። አንዱን በጣቴ አንስቼ መዳፏ ላይ አደረግሁላት። ተጠመጠመባት።

ግልገል ብዙ አይተርፍም። ጭልፊት አለ፣ ብርድ አለ። በድንጋይ ካቡና በወለሉ ሥር ተበተኑ። እኔም በሚቀጥለው በጋ፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ ከረጢቴን ተሸክሜ መውረዴን፣ ማለዳ መንገድ ዳር መቀመጤን ቀጠልኩ። የሺጌ ልጅ አንዳንዴ ካቡ ውስጥ ጭራ እንዳየች ትነግረኛለች። እኔ ግን ካብ ቤት አይደለም እላታለሁ።

ከዚያ አንድ በጋ መግቢያ ላይ እንደ ልማዴ ወረድኩ። ሺጌ ደጃፍ ላይ ቆመች። አላሳለፈችኝም።

«ዛሬ አያስገቧት።»

«ምነው?»

«በአንድ ቤት ሁለት ባለቤት አይሆንም።»

ከረጢቱን ውጭ ጥላ ሥር አስቀምጬ በመሰላሉ ተከተልኳት። ቆጡ ውስጥ ሰፌዶቹ ተደርድረዋል። ከላያቸው አግዳሚው ላይ አንድ ወጣት እባብ ተዘርግቷል። ጠቃጠቆው ደብዝዞ አረንጓዴው መውጣት ጀምሯል። ሆዱ መሃል ላይ አብጧል፤ የአይጥ ቅርጽ ይታወቃል። ራሱን ቀና አድርጎ አየን፣ ከዚያ መልሶ አስተኛው። አልሸሸም።

«ብርዱን ጣሪያችን ውስጥ ነው ያሳለፈው» አለች። «ቆዳውንም እዚሁ ጥሏል። ከመንገዱ ማዶ ተሻግሮ አያውቅም፣ ሳየው ነው የከረምኩት። ሳላረጋግጥ ልነግርዎ አልፈለግሁም።»

«ለምን?»

«ቢሄድ እንዳይከፋዎት።»

ብዙ አየሁት። ሰፌዶቹንም አየሁ። አንድም የተነካ አልነበረም።

ሺጌ የቆጡ ወለል ላይ ተንበረከከች። እጆቿን ከፊቷ አድርጋ ግንባሯን ዝቅ አደረገች።

«አማቴና ባሌ ቢኖሩ እነሱ ይሉት ነበር። እኔ ልበለው። ከላይኛው ቤት የሚፈለግ ነገር የለም። ቤቱ ብድሩን ተቀብሏል።»

እኔም ጉልበቴን እንደምንም አጠፍኩና ግንባሬን እንጨቱ ላይ አደረግሁ። ለመነሳት እጇን ያዝኩ።

«አሁን ሻይ ይጠጣሉ» አለች፣ «ሾርባዬንም ይቀምሳሉ። ለእትዬ ማትሱኖ እውነቱን ይነግሩልኛል።»

ሾርባው ጨዋማው የአኩሪ አተር ሊጥ፣ ሚሶው፣ በዝቶበት ነበር። ሳልናገር ጨረስኩት፤ ጨምሪልኝም አልኩ።